ለድንጋይ ስም ፍለጋ፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ማዶ

ከሱሉልታ ማዶ ያለውን ያን ገደል ለሽርሽር ብሎ የሚሄድበት ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም በፈቃዴ አልሄድኩም። ወንድሜ ግርማ ቀኝ ክንዱ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ስለገባና መኪና መንዳት ስላልቻለ፣ እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ በመሆኔና ትምህርት ቤት በመዘጋቱ «ሰናይትማ አሁን ሥራ የላትም» ተብዬ ነው የሄድኩት። ሰኔ ሊያልቅ ነበር። ሰው ዣንጥላና ቦቲ በሚገዛበት ወቅት እኛ ወደ ገደል ወረድን። ለማትሄዱበት ሁሉ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይትረፍ።

ሐሙስ

ከሰበታ ቡራዩ ለወፍ ቅርብ ነው። ለሰው ግን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ተጨናንቆ፣ መውጣት ነው። የግርማ አሮጌ ቪትዝ አለም ገና ላይ ከሁለት የጭነት መኪና መሃል ተቀርቅራ ስትቆም፣ እሱ በደኅናው እጁ የዳሽቦርዱን አቧራ እየጠረገ ስለ ድንጋይ ያወራል። ጂኦሎጂስት ነው። ሌላ ወሬ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግርማና ጓደኛው ቶሎሳ ለዓመታት ከሱሉልታ ማዶ ያለ አንድ ገደል እየተመላለሱ ሲያጠኑ፣ የድንጋይ ከሰል ያዘለ የአለት ንብርብር አገኙ። ቶሎሳ ታሞ አረፈ። ግርማ ጥናቱን ብቻውን ጨርሶ፣ ለንብርብሩ ስም እንዲጸድቅለት ለባለሙያዎች ኮሚቴ አቀረበ። ኮሚቴው መለሰበት።

«ምን ያስመልሳል?» አልኩት። «ከሰሉን አግኝታችኋል። ስም አውጡለትና ይለቅ!»

«ለከሰሉ አይደለም ስም የሚወጣው፤ ለፎርሜሽኑ ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮንዶሚኒየም አስቢ። ብሎኩ ውስጥ አንድ ቤት ከሰል ሻጭ ስለተከራየ ብሎኩን ‹ከሰል› ትዪዋለሽ? ከሰሉ ቀጭን ነው። እዚህ ክንድ ያህል ይሆንና ማዶው ላይ ይጠፋል። ከሥሩ የጭቃ ድንጋይ አለ፣ ከላዩ የአሸዋ ድንጋይ አለ፣ ከዚያ ሌላ ከሰል ይመጣል። ሁሉም አንድ ላይ ነው ብሎኩ። ግን ብሎኩ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ማሳየት አለብኝ። ጣሪያውን አይተነዋል፤ ጥቁር ድንጋይ ተጭኖታል። መሠረቱን ግን ናዳ ቀብሮታል። ማንም ሰው ሄዶ ‹አዎ፣ እዚህ ይጀምራል፣ እዚህ ያልቃል› ብሎ የሚያረጋግጥበት አንድ ቦታ ከሌለኝ፣ ስም አይሰጡኝም።»

«እና አሁን መሠረት ልንቆፍር ነው?»

«ክረምቱ ሳይገባ፤ ወንዙ ሳይሞላ።»

ክረምቱ መግባቱን በመስኮት አሳየሁት።

ጦር ኃይሎች አካባቢ ደግሞ ጠየቅኩት። «ስሙስ ማን ሊባል ነው?» ዝም አለ። ወንድሜ ስለ ድንጋይ ተጠይቆ ዝም ሲል አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ። አስኮ ስንደርስ ነው የተናገረው። የቶሎሳ ለቅሶ ላይ፣ ባለቤቱን ጫልቱን «አለቱ በስሙ ይጠራል፤ የቶሎሳ ፎርሜሽን ይባላል» ብሏታል። ደንቡ ደግሞ የሰው ስም አይፈቅድም። ስሙ ከዚያው አካባቢ ካለ፣ ካርታ ላይ ከሰፈረ የቦታ ስም ነው የሚወሰደው፤ ያውም ሌላ አለት ያልተጠራበት።

«ነግረሃታል?»

«ዛሬ እነግራታለሁ።»

ጫልቱን የማያውቅ ሰው ቢሰማው ያምነው ነበር። ቡራዩ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ምስማር፣ ቀለም፣ ቆርቆሮ ትሸጣለች፤ ግንበኛ ሁሉ ይፈራታል፤ ያከብራታልም። ግርማና ቶሎሳ ከገደሉ ያመጧቸው የድንጋይ ናሙናዎች እስካሁን ግቢዋ ውስጥ፣ ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል። እኛም መጀመሪያ ወደሷ የሄድነው እነሱን ልንወስድ ነው፤ ግርማ ገደሉ ላይ ከሚያየው ጋር ማስተያየት ይፈልጋል።

«አካም ኦልተን!» ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ሰኒዬ! አንተ፣ ክንድህን ምን ነካው?» ሲነግራት፣ «እኔ ገደል ገባህ ብዬ፣ ለካ ደረጃ ላይ ነው የወደቅከው!» እየሳቀች ሳመችን።

ውሃ የለም ነበር። እኛ ሰበታም ውሃ ይጠፋል፤ ግን ቀኑ ይታወቃል። ቡራዩ ቀኑም አይታወቅም ትላለች ጫልቱ። ቢሆንም ከበርሜል ቀድታ፣ አሙቃ፣ እግራችንን አስታጠበችን። ቅቅል ቀረበ። ሥጋውን ግርማ በግራ እጁ መቁረጥ ሲያቅተው በዝምታ ቆረጠችለት። ከዚያ ወሬው መጣ።

«የመቃብሩን ድንጋይ አዘዝኩ» አለች። «ሰኞ ይቀረጻል። ከስሙ ሥር ‹አለት በስሙ የተሰየመለት› ነው የሚለው። ልጆቹ ናቸው ቃሉን የመረጡት። ጥሩ ነው አይደል?»

በጠረጴዛው ሥር የግርማን እግር ረገጥኩት። «ጥሩ ነው» አለ። ደግሜ ረገጥኩት። «ቅቅሉም ጥሩ ነው» አለ።

«እንደውም እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ» አለች ጫልቱ። «ስንት ዓመት እዚያ ገደል ሲመላለስ አንድ ቀን አልወሰደኝም። ቦታውን ሳላይማ በስሙ ምን እላለሁ?»

ዓርብ

ጠዋት በዘይት የተሠራ ጨጨብሳ አበላችን። እሷ ጴንጤ ናት፤ የሰኔን ጾም ለቄሶቹ ብንተውም፣ የዓርብ ጾም የእኛ ነው። ግን ቅቤ ወደ ቤቱ እንዳይዞር አድርጋ ነበር። ከሱቋ አዲስ ዶማና አዲስ አካፋ አውጥታ ከናሙናዎቹ ሳጥን ጋር ከኋላ ጫነች። ቪትዟ በኋላ ጎማዎቿ ተቀመጠች።

ከቡራዩ ሱሉልታም ያው ነው፤ ተራራው ከጀርባ ቢያገናኛቸውም፣ እኛ ተመልሰን አስኮ፣ ዊንጌት፣ አዲሱ ገበያ ብለን ነው የምንዞረው። በነዚህ ከተሞች የሚኖር ሰው ጎረቤቱን ለመጠየቅ ዋና ከተማ አቋርጦ መሄድ አለበት። ይሄን ለተማሪዎቼ በካርታ ሳስተምር አይገባቸውም፤ ለምን እንደማይገባቸው አሁን ገባኝ።

ዳገቱን ጨርሰን ወደ ሱሉልታ ማዘቅዘቅ ስንጀምር ኬላ ላይ አስቆሙን። ወጣት ጠባቂ ነው፤ ዝናብ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ምንድን ነው የጫናችሁት?»

ግርማ ቀደመኝ። «ናሙና ነው። የድንጋይ ከሰል ያለበት…»

«ከሰል? ፈቃድ አላችሁ?»

«የእንጨት ከሰል አይደለም፤ የድንጋይ ነው። እሱም ቢሆን ሁሉም ከሰል አይደለም፤ የጭቃ ድንጋይም፣ የአሸዋ ድንጋይም አለበት።»

«ስሙን ብቻ ንገሩኝ።»

«ገና ስም አልወጣለትም።»

ጠባቂው ሳጥኑን አየ፣ ግርማን አየ፣ እኔን አየ። ስም የሌለው ጥቁር ነገር የጫነ ሰው ምን እንደሚደረግ እያሰበ ነበር። እኔ መሪው ላይ ግንባሬን ደፋሁ። «ድንጋይ ነው» ማለት እኮ ይበቃ ነበር!

«እንዴት አልወጣለትም?» አለች ጫልቱ ከኋላ ወንበር። መስኮቷን አውርዳ በኦሮምኛ አስረዳችው፤ ባለቤቷ ያገኘው አለት መሆኑን፣ እሱ ማረፉን፣ ስሙም የቶሎሳ ፎርሜሽን መሆኑን። ልጁ ኮፍያውን ነካ። «ነፍስ ይማር፣ እናቴ» አለና አሳለፈን።

ግርማ እስከ ሱሉልታ ድረስ የሌለ አቧራ ከዳሽቦርዱ ላይ ሲጠርግ ሄደ።

ሱሉልታ ይበርዳል። ሰበታ ሲበርድ ሹራብ ይለበሳል፤ ሱሉልታ ሲበርድ አጥንት ነው የሚለበሰው። ሜዳው ውሃ አቁሮ ሐይቅ መስሏል፤ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ገብተው ይግጣሉ። ያረፍንበት ሆቴል በር ላይ «ሙቅ ሻወር» ይላል። ቧንቧውን ስከፍተው ሳል ብቻ ወጣው። ለእኔና ለጫልቱ አንድ አልጋ ደረሰን፤ አልጋው መሃሉ ጎድጓዳ ስለሆነ ሁለታችንም አንድ ላይ ነው የምንገናኘው። የሆቴሉ ባለቤት አንዲት ወፍራም ደግ ሴት ናት። ስንንቀጠቀጥ አይታ የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውልቃ ሰጠችን። «ለእርስዎስ?» ብላት፣ «እኔ ስብ አለኝ» አለች።

ሽሮ እየበላን ጫልቱ ለሴትየዋም ስለ አለቱ ነገረቻት። «ታድለሻል» አለቻት ሴትየዋ። «የኔ ባል ሲሞት በስሙ የቀረው የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው።» ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። ግርማ ሽሮው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው።

ከምግብ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት። «ነገ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ።»

«ቃሉን እያሰብኩበት ነው።»

«ቃል ምን ያስፈልጋል? ‹አልሆነም› በላት!»

«እንደሱ ቀላል አይደለም» አለ። የምድርን ሆድ እየከፋፈለ ‹ይሄ ይሄ ይባላል› የሚል ሰው፣ አንድ ዐረፍተ ነገር አቃተው።

ቅዳሜ

ከአስፋልቱ ወጥተን በጥርጊያው ትንሽ እንደሄድን ቪትዟ በቃኝ አለች። ጥላችኋት ኑ ያሉን፣ ግርማና ቶሎሳ ድሮ ያርፉባቸው የነበሩ ገበሬ ናቸው፤ ኦቦ ደጀኔ ይባላሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው አዴ ብርቄ መኪናዋን ግቢያቸው አስገብተው፣ ከበረት ስር ጭድ ጎዝጉዘው አቆሙልን። ጫልቱ የቶሎሳ ሚስት መሆኗን ሲሰሙ አዴ ብርቄ አንገቷን አቅፈው ቆዩ። ትኩስ ወተት በየእጃችን ሰጡን። እኛ ሰበታ ወተት በላስቲክ ነው የምንገዛው፤ ይሄ ግን ሙቀቱ ከላሟ ነው።

ግርማ ካርታውን ዘረጋ። «ኦቦ ደጀኔ፣ እዚህ ቦታ ‹አሮ ወጬ› ይላል። እንደሱ ነው የምትሉት?»

«አሮ ምን?» አሉ።

«ወጬ።»

«ማነው እሱ? ይሄ ሀሮ ዋጩ ነው። ሀሮ ያልነው ኩሬው አለ፣ ዋጩ የሚባለው ዛፍም ነበረ።»

«ወንዙ ማዶ ያሉትስ?»

«እነሱ ሌላ ይሉታል። አይሰሙም፣ አትጠይቃቸው።»

ግርማ እርሳሱን በግራ እጁ እንደያዘ ቀረ። ስሙ አንድ ጊዜ በአንድ ፊደል ከጸደቀ፣ በኋላ አይለወጥም። ካርታው አንድ ነው የሚለው፣ የቀበሌው ታፔላ ሌላ፣ ባለቤቶቹ ሌላ። አዴ ብርቄ ከበሩ ሆነው «ሀሮ ዋጩ ብለህ ጻፍ፤ በኋላ ልጆቻችን ያፍሩብናል» አሉ።

ጫልቱ ወተቱን አስቀምጣ «ለምንድን ነው የቦታውን ስም የምትጠይቀው?» አለች። «ለካርታው ነው» አለ ግርማ። እኔ ወደ ሰማይ አየሁ።

ወረድን። መውረድ ሳይሆን መንሸራተት ነው። ግርማ በጄሶው ምክንያት ሚዛን ስለሌለው ኦቦ ደጀኔ በቀበቶው ይዘው አወረዱት፤ እኔ በመቀመጫዬ ወረድኩ። ከታች ወንዙ ደፍርሶ ያጉረመርማል፤ ገና አልሞላም። ከፊታችን የገደሉ ግድግዳ ቆሟል። ግርማ ክንዱንም፣ ብርዱንም፣ ሁሉንም ረሳ። «ያው ጣሪያው» አለ፤ ከላይ የተጫነውን ጥቁር ድንጋይ እያሳየን። ከሥሩ ግራጫና ቢጫ መስመሮች፣ በመሃላቸው ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ቀጭን መስመር። ጥቁሩ ከሰሉ ነው። ጥፍሬን ብሰድበት ተፈረፈረ። ከዚያ በታች ግን ከላይ የወረደ ናዳ ተከምሮ ምንም አይታይም።

ጫልቱ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። እጇን ከሰሉ ላይ አሳረፈች።

«እና ይሄ ነው የቶሎሳ ፎርሜሽን?»

ግርማ ወደኔ አየ። እኔ አልረዳሁትም።

«ጫልቱ» አለ። «ደንቡ የሰው ስም አይፈቅድም። ሀሮ ዋጩ ፎርሜሽን ነው የሚባለው። እሱም ከጸደቀ።»

ቶሎ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጇን ከግድግዳው ላይ አነሳች።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«…ያኔም አውቅ ነበር።»

«ለቅሶው ላይ?»

«እያለቀስሽ ነበር። የምልሽ ነገር ጠፋኝ።»

«‹እግዜር ያጥናሽ› ማለት አቃተህ?» አለች። አልጮኸችም። «ሰው ሁሉ ያንን ብሎኝ ሄደ፤ ደረሰልኝ። አንተ ስም ሰጥተኸኝ ለልጆቼ ነገርኩ። ትናንት ለኬላ ጠባቂ ሳይቀር ነገርኩ። ከፊት ተቀምጠህ እየሰማኸኝ!»

ዶማውን ከኦቦ ደጀኔ እጅ ነጥቃ ናዳው ላይ ወጣች። እንዴት እንደቆፈረች! ድንጋዩን እየነቀለች ወደ ወንዙ ትወረውራለች፤ ጭቃው ፊቷ ላይ ይፈናጠራል። እኔ አካፋውን ያዝኩ። ኦቦ ደጀኔ ጋቢያቸውን አውልቀው ትላልቁን ድንጋይ እየገፉ አንከባለሉ። ግርማ ከታች ሆኖ፣ «ትንሽ ወደ ግራ…» ማለት ሲጀምር፣

«አንተ ዝም በል!» አለችው።

እጄ ውሃ ቋጠረ። ዝናቡ ጀመረ። ተስፋ ቆርጬ «እትዬ፣ ይብቃሽ» ስላት አልሰማችኝም። ከሰሉ ሥር ያለው የጭቃ ድንጋይ እየታየ ወረደ፣ ወረደ፤ ከዚያ በድንገት ቀለሙ ተለወጠ። ሸክላ የሚመስል ቀይ አፈር። ከቀዩ ሥር ዶማው ጥቁር ድንጋይ መታና እሳት ረጨ።

ግርማ በአንድ እጁ ተንፏቆ ወጣ። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጣቱን ከቀዩና ከጭቃ ድንጋዩ መገናኛ ላይ አደረገ።

«መሠረቱ» አለ።

«ይሄ ነው?» አለች ጫልቱ እያለከለከች። ቅር ያላት ትመስል ነበር። እኔም ቅር ብሎኛል፤ ለዚህ ቀይ አፈር ነው ይሄ ሁሉ ስቃይ?

«እሳተ ገሞራ ፈሰሰና በረደ» አለ ግርማ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ላዩ በፀሐይና በዝናብ ተፈርፍሮ ይሄ ቀይ አፈር ሆነ። ከዚያ ውሃ ተኛበት፤ ረግረግ ሆነ። ተክሉ እየበቀለ፣ እየሞተ፣ እየተቀበረ ከሰል ሆነ። በመጨረሻ ሌላ እሳተ ገሞራ መጥቶ ከደነው። ከዚህ እስከዚያ ላይ ድረስ ያለው ነው ፎርሜሽኑ።»

ጫልቱ ቀዩን አፈር እያየች ቆየች። «ቶሎሳ ይሄን አይቶታል?»

«አላየውም። ሁለታችንም አላየነውም። በዚህ በኩል እንቆፍር ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ይቅር ያልኩት።»

ጫልቱ ጭቃ የለበሰ መዳፏን መገናኛው ላይ አድርጋ፣ ግርማ በስልኩ ፎቶ ሊያነሳ «ትንሽ ፈቀቅ በይ» እስኪላት ድረስ እዚያው ቆመች። ፈቀቅ አላለችም። ፎቶው ላይ እጇ አለ።

ወንዙ ድምፁን ለወጠ፤ ኦቦ ደጀኔ «በሉ፣ መጣ!» ብለው አስቸኮሉን። እየወደቅን ወጣን። አዴ ብርቄ የሁላችንንም ልብስ ቀይረው፣ እሳት ዳር አስቀምጠው፣ ገንፎ አበሉን። እኔ የለበስኩት የኦቦ ደጀኔን ሱሪ ነበር። እዚያው አደርን። ጫልቱ ከአዴ ብርቄ ጋር ብቻ፣ በኦሮምኛ ብቻ አወራች።

እሑድ

ቪትዟ ከግቢው በር ሳትርቅ ጭቃ ዋጣት። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አደግድገው ገፉልን። ጎማው ያንን ሁሉ ነጭ ልብስ ጭቃ ሲቀባው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ እነሱ ግን «አይዟችሁ፣ ይታጠባል» ብለው ሸኙን። ሰበታ ቢሆን ኖሮ ከግፊያው በፊት ንትርክ ይቀድም ነበር።

ጫልቱ ከኋላ ተቀምጣ ከጥፍሯ ሥር ጭቃ ትፈለፍላለች። ሱሉልታን አለፍን። ኬላው ላይ ያው ልጅ በእጁ ሰላምታ ሰጥቷት አሳለፈን፤ አንገቷን ብቻ ነቀነቀችለት። ቁልቁለቱ ላይ ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጽሑፉ ሲወጣ የጸሐፊዎቹ ስም ላይ ቶሎሳ ከኔ ይቀድማል» አላት።

«ያ ድሮም የሱ ነው» አለች። «ስጦታ አታስመስለው።»

አዲሱ ገበያ ስንደርስ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የመቃብሩን ድንጋይ ለሚቀርጸው ሰው ነው። «የመጨረሻዋን መስመር ተዋት» አለችው። «አይ፣ ምንም አትተካባት። ስሙ ብቻ ይሁን። የአባቱንና የአያቱን ግን አትርሳ።» ስልኩን ዘግታ በመስኮት አየች። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ሁለታችንም አልዞርንም።

ቡራዩ ደረስን። ናሙናዎቹን ልትረከበን እጇን ዘረጋች። ግርማ «ወደ ቢሮ እወስዳቸዋለሁ፤ ግቢሽን አጣበብኩብሽ» ሲላት፣ «ማን ውሰድ አለህ?» አለችው። ሳጥኑን ራሷ አወረደች። ከዚያ በሩን ይዛ ቆመች።

«ግርማ፣ ከእንግዲህ ቤቴ ስትመጣ ቃል ይዘህ አትምጣ። ብርቱካን ይዘህ ና፤ እንደ ሰው።»

በሩ ተዘጋ። እስከ ሰበታ ሙሉ መንገዱን ተጨናንቀን ተመለስን።

ኮሚቴው ገና መልስ አልሰጠም። ፎቶውን ከነእጇ ልኮላቸዋል። ባለፈው እሑድ ቡራዩ ውሰጂኝ ብሎ ሲለምነኝ፣ በታክሲ ሂድ አልኩት፤ በቃኝ። ጄሶው ከተፈታ ገና ጥቂት ቀኑ ነው፤ ብርቱካን ሙሉ ፌስታል ተሸክሞ ሄደ። ማታ ደወልኩለት።

«ከፈተችልህ?»

«ብርቱካኑን ተቀበለችኝ።»

«አንተንስ?»

«ቁጭ በል አለችኝ» አለ።